ባህር ዳርቻ ላይ ሳፋ ፍለጋ

በእኛ ሰፈር ስለ ባህር የምታወራው እናቴ ናት። ባህር የሄድነው ግን እኔና አባቴ ነን።

ብትስቁ አልቀየማችሁም። ጎረቤት በመጣ ቁጥር እናቴ የአባቴን ሞባይል ታወጣና ፎቶዎቹን እያሳየች ትጀምራለች። «ይኸውላችሁ፣ ውሃው እስከዚህ ይመጣል፤ ደግሞ ይሄዳል። አሸዋው እንደ ሽሮ ዱቄት ነው። ግመል አለ፣ ኳስ አለ፣ ዘፈን አለ...» ጎረቤቶቻችን አፋቸውን ይዘው ይሰማሉ። እኔም ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። አባቴም ይሰማሉ። አንዳንዴማ እናቴ ስታሳምረው እኔ ራሴ «ወይኔ፣ አንድ ቀን ብሄድ!» እላለሁ።

ምን ይደረግ? እኔና አባቴ አናወራም። ተጣልተን እንዳይመስላችሁ። ዓይን አፋሮች ነን። እኔ ከእሳቸው ነው የወረስኩት። ሌላው ልጅ ከአባቱ ቁመት ይወርሳል፣ አፍንጫ ይወርሳል፤ እኔ ዝምታ ወረስኩ። ክፍል ውስጥ መምህሩ «ትርንጎ!» ብለው ስሜን ሲጠሩ «አቤት» የምለው በሆዴ ነው። አንድ ቀን እንዲያውም ቁጭ ብዬ ሳለሁ ቀሪ ተብያለሁ። ድምፄ አልተሰማማ! እጄን አውጥቼ «ኧረ አለሁ» ከማለት ቀሪ መሆኑ ቀለለኝ። ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ማን ያቆመኛል? ይኸው እናንተን ይዤ ቁጭ አልኩ።

አባቴ ደብረ ማርቆስ ላይ የቀለምና የቆርቆሮ ሱቅ አላቸው። የተወለዱት ሮብ ገበያ ነው፤ ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ከዚያ ከብርዱ አገር። ከተማ ከገቡ ቆይተዋል፤ ግን አንዳንድ ነገር ከዚያው ይዘው መጥተዋል። አንዱ እግር መታጠብ ነው። ማታ ከሱቅ ሲገቡ እኔ ለብ ያለ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዤ እጠብቃለሁ። ሳፋውን ከፊታቸው አስቀምጣለሁ፤ እንበረከካለሁ፤ እግራቸውን አጥባለሁ። አድርቄ ስጨርስ «እደጊ» ይሉኛል። የሰፈር ልጆች ይህን አይተው ይስቁብኛል። «አንቺ፣ አባትሽ እጅ የላቸውም እንዴ?» ይሉኛል። የማትስቀው ያለምወርቅ ብቻ ናት። ያለምወርቅ ጓደኛዬ ናት። «ከጓደኞቼ አንዷ» ልል ነበር፤ ግን ሌላ የለኝም።

እግር የማጥበው ስለታዘዝኩ ብቻ አይደለም። አባቴን የማነጋግረው ያኔ ነው። ፊታቸውን አላይማ! ተረከዛቸውን እያሸሁ «ደብተር አልቆብኛል» እላለሁ። ለእግራቸው ነው የምነግረው። እሳቸው ከላይ ሆነው «ነገ ይገዛል» ይላሉ። ለፀጉሬ ነው የሚመልሱት። «የወላጅ ስብሰባ አለ» እላለሁ ለአውራ ጣታቸው። «ይመጣል» ይላሉ ለሹሩባዬ። እኔ የአባቴን እግር አብጠርጥሬ አውቃለሁ፤ እሳቸው የእኔን የፀጉር ክፋይ ያውቃሉ። ከዚህ በላይ ብዙም አንተዋወቅም።

ደግሞ ትንሽ ልኩራባችሁ። የአባቴ እግር እንደ ሰው እግር አይደለም። ንጹሕ ነው። ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ውሃው ግን ሳፋው ውስጥ እንደገባ እንዲሁ ነው የሚደፋው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ስለሚሸጡ ነው እል ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ባለፈው ክረምት አንድ የቀለም ፋብሪካ ብዙ ለሸጡለት ነጋዴዎች ሽልማት አወጣ። ከዚያ በፊት ለአባቴ የሚሰጣቸው ጃንጥላና የግድግዳ ሰዓት ነበር። አሁን ግን ሞምባሳ አለ። ኬንያ፣ ባህር ዳርቻ፣ ለሁለት ሰው፣ ለሽርሽር! አባቴ ደብዳቤውን አንብበው «ጃንጥላው ይሻለኝ ነበር» አሉ። እናቴ ደግሞ ወሩን ስትሰማ እጇን አወናጨፈች። ነሐሴ ነዋ! እናቴ ፍልሰታን ሱባኤ ትይዛለች። ማንም ከቤተ ክርስቲያን አያስወጣትም። «እመቤቴን ትቼ ዋና ልማር?» አለች። ስለዚህ ሁለተኛዋ ሰው እኔ ሆንኩ።

እናቴ ሻንጣዬን ስታዘጋጅ በሩን ዘጋችና «ስሚኝ» አለች። ጉዳዩ ይህ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ያለፍኩት ለጥቂት ነው። አባቴ ውጤቴን አይተው አልተቆጡም፣ አልገሠጹም። «በቃ መስከረም ላይ ከእኔ ጋር ሱቅ ትገባለች» አሉ። ለእኔ እንዳይመስላችሁ፤ ለእናቴ ነው ያሉት። የእኔ ነገር ሁሉ በእናቴ በኩል ነው የሚደርሰኝ። እኔ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል መግባት እፈልጋለሁ። ትምህርት ወዳድ ናት ብላችሁ እንዳታደንቁኝ። ያለምወርቅ ስለምትገባ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነን። እሷ ታወራለች፣ እኔ ዝም እላለሁ። እሷ ከሄደች እኔ ከማን ጋር ነው ዝም የምለው?

«አንቺ ንገሪልኝ» አልኳት እናቴን።

«እኔ ከነገርኩትማ የእኔ ሐሳብ ነው የሚሆነው። አንቺ አፍ የለሽም? እዚያ ሱቅ የለ፣ ደንበኛ የለ። እግሩን ስታጥቢ ንገሪው። ሳትነግሪው ከተመለስሽ ግን ምዝገባውም ያልፍሻል፤ እኔ ላይም እንዳታለቅሺብኝ።»

እሺ አልኩ። ሳፋ መያዝ ግን ሁለታችንም አላሰብንም። ሳፋ የሌለበት ቤት አለ ብሎ ማን ያስባል?

እኔ ሙቀት የማውቀው የአባይን በረሃ ነው፤ እሱንም በአውቶቡስ መስኮት። ትልቅ ውሃ የማውቀው የጨሞጋን ወንዝ ነው፤ እሱንም ክረምት ሲሞላ። ሞምባሳ ላይ ከአውሮፕላኑ ስንወርድ አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። አባቴ የሱፍ ኮታቸውን ለብሰዋል። እኔ ሹራብ ደርቤያለሁ። ደብረ ማርቆስን ስንለቅ ዝናብ ነበር፤ ክረምት መቼም የትም ክረምት ነው ብለን ነዋ።

ሆቴሉ ውስጥ ከየከተማው የመጡ ቀለም ሻጮች ተሰብስበዋል። ባልና ሚስት ሆነው ለመጡት አንድ አንድ ክፍል ተሰጣቸው። እኔና አባቴ ግን ግራ ሆንንባቸው። በመጨረሻ አባቴን ከአንድ የአዳማ ነጋዴ ጋር ላይ ፎቅ መደቧቸው፤ እኔን ደግሞ ብቻዋን ከመጣች የድሬዳዋ ነጋዴ ጋር ታች። እትዬ ፋጡማ ትባላለች። አንቱ ብዬ ሰላም ስላት «አንቱ አትበይኝ አቦ፣ አስረጀሽኝ!» አለችኝ።

«ስምሽ ማነው?»

«ትርንጎ።»

«ትርንጎ! ፍሬዋ? ደስ ሲል! ኮምጣጣ ነሽ ወይስ ጣፋጭ?»

መልሱን ሳስብ እሷ ገላዋን ታጥባ፣ ልብስ ቀይራ፣ ሽቶ ተቀብታ ወጣች።

ሞምባሳ ዝም የሚል ነገር የላትም። ሚኒባሱ በሥዕል ተዥጎርጉሮ እየጨፈረ ይሄዳል። ባጃጁ ይዘፍናል። ባህሩ ዳር ያለው ሰውማ አይጣል ነው! አንዱ ዛጎል ይሸጣል፣ አንዱ ኮኮናት ይቆርጣል፣ አንዱ ግመል ያስጋልባል። ወጣቶቹ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ኳስ ይዘው ይወጣሉ። ሁሉም «ካሪቡ!» ይላል። እትዬ ፋጡማ ትርጉሙን ነገረችኝ፤ እንኳን ደህና መጣሽ፣ ቅረቢ ማለት ነው። እነሱ ቅረቢ ሲሉኝ ይውላሉ፤ እኔ ስሸሽ እውላለሁ።

እትዬ ፋጡማ ግን እንደገባች ነው የተዋሐደቻቸው። ጠዋት የኮኮናት ሻጩን ልጆች ስም ታውቅ ነበር፤ ማታ ቤቱ ተጋብዛ መጣች። እኔ ከአንድ የዘንባባ ሥር ወደ ሌላ የዘንባባ ሥር እዘዋወራለሁ። እቤቴ ብቻዬን ስሆን ግድግዳ አለ፤ ከግድግዳው ወዲያ እናቴ አለች፤ ድስት ሲንኳኳ ይሰማኛል። እዚያ ግን ግድግዳው ባህሩ ነው። ከእሱ ወዲያ ማንም የለም። አንዳንዴ የሚያስቅ ነገር ሳይ ለያለምወርቅ ልነግራት ወደ ጎን ዞር እላለሁ። ጎኔ ላይ ዘንባባው አለ።

ስለ አባቴስ? በሁለተኛው ቀን ጠዋት ወደ ባህሩ ብንወርድ ባህሩ የለም። አልዋሽም፣ የለም! ማታ እግራችን ሥር ሲጮህ የነበረው ውሃ ሜዳውን ለቆ፣ ጀልባዎቹን በሆዳቸው አስተኝቶ፣ ርቆ ሄዷል። አባቴ ቆመው አዩት።

«ወዴት ሄደ?» አሉኝ።

«እንጃ» አልኩ።

የዚያ ቀን ጨዋታችን ይኸው ነበር። እትዬ ፋጡማ ከኋላችን መጥታ «ሥራ ሄዶ ነው፤ ማታ ይመለሳል» አለች።

ምግቡንም ልንገራችሁ። በፍልሰታ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አንቀምስም። የሆቴሉ ምሳ የሚነሳው ደግሞ ልክ ዘጠኝ ሲሆን ነው። አስተናጋጆቹ ሰሃን ሲሰበስቡ እኛ እንገባለን፤ የተረፈ ሩዝና ቦሎቄ ይሰጡናል። አንድ ቀን አባቴ ሩዙን ወደዱት። ጨመሩ። እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። እትዬ ፋጡማ አጠገባችን ሻይ እየጠጣች «ይጣፍጣል አይደል ጋሼ? በኮኮናት ወተት ነው የሚሠሩት» አለች።

የአባቴ ማንኪያ አየር ላይ ቆመ። «በምን?»

«በኮኮናት ወተት።»

«ወተት?»

«አቦ ጋሼ፣ ፍሬ ነው እኮ! ዛፍ ላይ ነው የሚወጣው!»

አባቴ ሩዙን አዩት። ሩዙም አያቸው። «ሳላውቅ ነው የበላሁት» አሉ ቀስ ብለው፤ ለእኔም ለእሷም ሳይሆን ለጣሪያው። ከዚያ ወዲያ እስክንመለስ በዳቦና በሙዝ ነው የከረሙት። ዛፍ የሚታለብበት አገር አልተዋጠላቸውም።

አሁን ወደ ሳፋው ልመለስ። የመጀመሪያው ዕለት ማታ ሁላችንም በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ ልማድ አስነሳኝ። ውሃ ላመጣ ነበር። ቆሜ ቀረሁ። ወዴት ነው የምሄደው? ማንቆርቆሪያ የለ፣ ሳፋ የለ። አባቴ አዩኝና ገባቸው። እግራቸውን ቀስ ብለው ወንበሩ ሥር ሸሸጉ። እኔም ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ባህሩን ያየን መሰልን።

እንዲህ እንዲህ እያለ ቀኑ አለቀ። አንድም ቃል አልነገርኳቸውም። ፊት ለፊት ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አንዴ «አባባ» ብዬ «ምነው?» ሲሉኝ «ፀሐዩ በረታ» አልኩ። ሌላ ጊዜ «አባባ» ብዬ «ምነው?» ሲሉኝ «ነፋስ መጣ» አልኩ። ከአየሩ ሌላ የምነግራቸው ነገር እንደሌለ አውቀው መሆን አለበት፣ ከዚያ በኋላ ስጠራቸው ሰማዩን ማየት ጀመሩ።

በመጨረሻ እትዬ ፋጡማን «ሳፋ የት ይገኛል?» አልኳት። እዚያ ከተናገርኩት ሁሉ ረጅሙ ነው።

«ሳፋ? ልብስ ልታጥቢ? ተዪ አቦ፣ ሽርሽር ላይ ነሽ!»

«ለልብስ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን?»

ምን ብዬ ልንገራት? ለአባቴ እግር ብል ትስቃለች። የሰፈራችን ልጆች ስቀውብኝ የለ? «ለመታጠቢያ» አልኩ።

«ሻወር እያለልሽ?»

ፎጣዬን ማጠፍ ጀመርኩ። እትዬ ፋጡማም ሻወሩን ፈርታ ነው ብላ ደመደመች። የጽዳት ሠራተኛዋን ጠርታ በዓረብኛም በእጇም አስረዳቻት። ስፋቱን አሳየች። ውሃ ማፍሰሱን አሳየች። ማሸቱን አሳየች። ሴትዮዋ ፊቷ በርቶ ሄደች። መጀመሪያ የወለል መጥረጊያ ባልዲ ይዛ መጣች። እትዬ ፋጡማ «ኧረ ሰው ነው የሚታጠበው!» ብላ ሰው መሆኔን በጣቷ አሳየቻት። ሴትዮዋ እንደገና ሄደች። ስትመለስ ከአንድ ሌላ ሠራተኛ ጋር ሆና፣ ግራና ቀኝ ተሸክመው፣ ሮዝ የሕፃን መታጠቢያ ገንዳ ይዘው ገቡ። ዳክዬ ተሥሎበታል። ትንሽዬ ፎጣም አለው። ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩና አንድ ነገር ጠየቁ። እትዬ ፋጡማ አልጋው ላይ ተደፍታ ሳቀች።

«ሕፃኑ የታለ ነው የሚሉት!»

ይሁን። ሮዝም ቢሆን ውሃ ይይዛል።

ፀሐይዋ ሳትገባ ለብ ያለ ውሃ ከሻወሩ ቀዳሁና ተሸክሜው ወጣሁ። እስቲ አስቡት። ስሜ ሲጠራ አቤት የማልለው እኔ፣ ዳክዬ ያለበት ገንዳ አቅፌ፣ ውሃው ቀሚሴ ላይ እየፈሰሰ፣ በእንግዳ ማረፊያው አለፍኩ፤ በኳስ ተጫዋቾቹ መካከል አለፍኩ፤ በግመሉ ፊት አለፍኩ። ግመሉ ሳይቀር ዞሮ አየኝ። ለዘጠነኛ ክፍል ስል።

አባቴ ከነጋዴዎቹ ጋር ዘንባባ ሥር ተቀምጠዋል። ኮታቸውን አላወለቁም፣ ጫማቸውን አላወለቁም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ።

«ለእግርዎ።»

 የአዳማው ነጋዴ «አይ ጎጃም! ልጅ ማለት ይህች ናት!» አለ። የምሩን ይሁን እያሾፈ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። አባቴ ጫማቸውን አዩ። ገንዳውን አዩ። እግራቸውን ወንበሩ ሥር አስገቡና «አይ፣ አይሆንም። ውሰጂው» አሉ።

ወሰድኩት። ውሃውን አሸዋው ላይ ደፋሁት፤ አሸዋው ሳልጨርስ ጠጣው። ገንዳውን ደፍቼ እሱ ላይ ተቀመጥኩ። አፍረውብኝ ነው አልኩ። እቤት ማንም አያይማ፤ እዚህ ግን የገጠር ሥራ ሆነባቸው። ዘፈኑ ይጮኻል፣ ሰው ይጨፍራል፣ እኔ የሕፃን ገንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የያለምወርቅን ቀጣይ ዴስክ አስባለሁ። አጠገቧ ማን ይቀመጥ ይሆን? ብዙ የምታወራ ልጅ ብትሆንስ? እኔን ለመርሳት ስንት ቀን ይበቃታል?

የመንደሩ ልጆች መጡና ገንዳውን በእጃቸው ለመኑኝ። ሰጠኋቸው። ጀልባ አደረጉት። እየተፈራረቁ ማዕበሉ ላይ ሲንሳፈፉ ሳቃቸው ሩቅ ይሰማል። አንዲት ትንሽ ልጅ ገንዳውን ጎትታ አመጣችና ግቢ አለችኝ፣ በእጇ። ራሴን ነቀነቅሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። በማግስቱ ጠዋት ልንበር ነው። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ግመል ለመጋለብ ተሰለፈ። አባቴ ግን አንድ የፕላስቲክ ወንበር አንስተው፣ ጫጫታውን ትተው፣ ባህሩ ለቆት ወደ ሄደው ሜዳ ገቡ። ርቀው ሄዱ። ከነኮታቸው፣ ከነጫማቸው፣ ከነካልሲያቸው መሐል ሜዳ ላይ ተቀመጡ። ተከተልኳቸውና ከኋላቸው ቆምኩ። «አባባ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።  

የረሳነው ነገር ግን ነበር። ባህሩ ከሥራ እየተመለሰ ነው።

መጀመሪያ የጫማቸውን አፍንጫ ላሰ። አባቴ ዝም ብለው አዩት። ሁለተኛው መጥቶ ጫማው ውስጥ ገባ። አሁንም ዝም። ጨዋ ሰው ናቸው፤ የመጣ እንግዳ ጥለው አይነሱም። እኔን ግን ልማዴ አንበረከከኝ። የጫማቸውን ማሠሪያ ፈታሁ። ካልሲያቸውን ሳብኩ። ሦስተኛው ማዕበል እግራቸውንም ጉልበቴንም አለበሰ። ተረከዛቸውን ይዤ ማሸት ጀመርኩ።

«ተዪ! ተዪ ልጄ፣ አልታጠብኩም!» አሉ አባቴ፣ እግራቸውን እየሳቡ።

«እየታጠቡ እኮ ነው» አልኩ።

«አይደለም! ሳልታጠብ እንዳትነኪኝ ነው የምልሽ!»

ማሸቴን አቆምኩ። ለአውራ ጣታቸው «ሰው ለመታጠብ ይታጠባል እንዴ?» አልኩት።

ውሃው ሄደ። መጣ። ከዚያ አባቴ ለፀጉሬ ተናገሩ።

«ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ቧንቧ ታውቂያታለሽ?»

«አውቃታለሁ።»

«እዚያ ታጥቤ ነው የምመጣው።»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ። ማጠብ ከጀመርሽ ጀምሮ። ቀኑን ሙሉ ጫማ ውስጥ የዋለ እግር ለልጅ ይሰጣል? አፍሬ ነዋ።»

«ገንዳውን ያመጣሁ ጊዜስ?»

«በዚህ ሙቀት፣ በዚህ ካልሲ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሽታውን ላሸትሽ?»

ያን ጊዜ ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር አስታወሳችሁ? ያ የምኮራበት ንጹሕ እግር! ያ እንደገባ የሚደፋ ውሃ!

«ታዲያ ታጥበው ከመጡ እኔ ምኑን ነው የማጥበው?» አልኩ።

አባቴ አንድ ማዕበል አሳለፉ።

«አንቺ የምታወሪው ያኔ ብቻ ነዋ» አሉ።

ባህሩ ፊቴ ላይ ረጨ። ባህሩ ነው እላለሁ፣ ማን ያውቃል። እግራቸውን እንደያዝኩ «አባባ» አልኩ።

«አቤት።» ሰማዩን አላዩም።

«ዘጠነኛ ክፍል መግባት እፈልጋለሁ።»

ጣቶቻቸው ውሃው ውስጥ ተላወሱ። «ትምህርቱን ወደሽው ነው?»

አዎ ልል ነበር። እግር ይዞ መዋሸት ግን ከበደኝ። «ያለምወርቅ ስለምትገባ ነው» አልኩ። «ብቻዬን እንዳልሆን።»

«እኔም ሱቅ ነይ ያልኩሽ ለሥራ አይደለም» አሉ። «ሰው ይመጣል፣ ነጭ ስጠኝ ይላል፣ ክሬም ስጠኝ ይላል፣ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ የማየው የቀለም ጣሳ ነው። አጠገቤ ብትቀመጪ ብዬ ነው።»

«ተቀምጠን ምን እናወራለን?»

«ምንም። አብረን ዝም እንላለን።»

 ዝም አልን። አብረን። ከዚያ አባቴ «ግቢ በቃ፣ ተመዝገቢ» አሉ።

«ሱቁስ?»

«ሱቁማ ለምዷል።»

«ጋሼ!» የሚል ጩኸት ከዳር መጣ። እትዬ ፋጡማ ናት፣ ግመል ላይ ሆና። «ጋሼ! ትርንጎ! ውሃው ሊወስዳችሁ ነው እኮ! ጎጃሞች፣ ውጡ!» ቀና ብል ወንበሩ እስከ መቀመጫው ሰምጧል። አባቴን እጃቸውን ይዤ ሳስነሳ አንዱ ጫማቸው የለም። ባህሩ ይዞት ወደ ሥራው ተመልሷል። እትዬ ፋጡማ ከግመሉ ላይ ሆና ያነሳችን ፎቶ አሁን እናቴ ለጎረቤት የምታሳየው ነው፦ አባቴ ሙሉ ኮት ለብሰው፣ ሱሪያቸው ተሰብስቦ፣ አንድ ጫማ በእጃቸው። ደብረ ማርቆስ የገቡት በነጠላ ጫማ ነው፤ በነሐሴ ጭቃ።

እናቴ ከሱባኤ ስትወጣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ነገርሽው?» ብላ ነው።

«ነገርኳቸው።»

«ሳፋ ከየት አገኘሽ?»

«እዚያው ነበር» አልኳት። «ትልቅ ነው።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። ግን መስከረም መጣ። ዘጠነኛ ክፍል ተመዘገብኩ። ያለምወርቅ የጠዋት ፈረቃ ደረሳት፣ እኔ የከሰዓት። እሷ ስትወጣ እኔ ስገባ በር ላይ እጅ እንወዛወዛለን። እሷ ከአዳዲስ ጓደኞቿ ጋር እያወራች ነው የምትወጣው። የእኔ ዴስክ ላይ አንዲት የደብረ ኤልያስ ልጅ ተቀምጣለች። እስካሁን ስሟን አላወቅኩም። እሷም የእኔን አልጠየቀችኝም። ስም ሲጠራ ሁለታችንም ቀሪ ነን። ጠዋት ጠዋትስ የት ነው የምውለው ትሉኛላችሁ? ሱቅ! ሱቅ ላለመግባት ያን ሁሉ ባህር ሄጄ፣ ይኸው ጠዋት ጠዋት ከአባቴ ጋር በቀለም ጣሳዎቹ መካከል ተቀምጠን ዝም እንላለን። ደንበኛ ገብቶ «ሰው የለም እንዴ?» የሚልበት ቀን አለ።

ማታ ማታ ግን እግር ማጠቡ አልቀረም። እሳቸው ከቧንቧዋ ታጥበው ይመጣሉ፤ እኔ እንዳላወቀ ሰው ውሃ አሞቃለሁ። ንጹሑን እግር አጥቤ፣ ወሬዬን ነግሬ፣ ንጹሑን ውሃ እደፋለሁ።

በቀደም ታዲያ የከተማው ውሃ ጠፋ። ቤት በበርሜል ነበረን፤ የሱቁ ቧንቧ ግን ደርቃለች። አባቴ ገቡና ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ እግራቸውን ወደ ኋላ ሸሸጉት። «ዛሬ ተዪው፣ ደክሞኛል» አሉ። ገባኝ። ባዶውን ሳፋ ከፊታቸው ተውኩትና፣ የት እንደምሆን ግራ ቢገባኝ፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ሳፋውን አየን።

«ያቺ የደብረ ኤልያሷ ልጅ አሁንም አልተናገረችም?» አሉ።

«ዛሬ አስነጠሳት» አልኩ።

አባቴ ሳቁ። ዞር ብዬ አየኋቸው። ለካ ሲስቁ አንድ ዓይናቸው ይጨፈናል። ይህን እግራቸው ነግሮኝ አያውቅም። ከዚያ ስለ ሒሳብ መምህሩ ነገርኳቸው፤ እሳቸው አንድ ቆርቆሮ ሊገዛ መጥቶ በሩን ስለገጨ ሰው ነገሩኝ፤ እኔም ቀጠልኩ።

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። እኛን አየችን። ሳፋውን አየችው።

«ሳፋው ደረቅ ነው እኮ» አለች። «ታዲያ በምን እያወራችሁ ነው?»